ስካርፒያ ወይስ ኢያጎ? በጅማ ለሚካሄድ የሁለት ቀን የኦፔራ ጥናት እኩይ ገጸ ባሕርይ አመራረጥ

ቅዳሜና እሑድን ጅማ ላይ ተሰባስበው የኦፔራን እኩይ ገጸ ባሕርያት ለማጥናት የሚያስቡ ወዳጆች አብዛኛውን ጊዜ ዝግጅቱን የሚጀምሩት ስም በመደርደር ነው፤ ስካርፒያ፣ ኢያጎ፣ ዶን ጆቫኒ፣ ሜፊስቶፌሌስ፣ የሌሊቷ ንግሥት፣ ሃገን እየተባለ ዝርዝሩ ይረዝማል፤ ሁለቱ ቀናት ግን አብረው አይረዝሙም። ቅዳሜ ለዙህርና ለአስር ሶላት መቋረጥ ይኖራል፤ እሑድ ደግሞ የሚያስቀድሰው ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ቁርሱን ሳይቀምስ፣ ማለትም ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት፣ ጥናት መጀመር አይታሰብም፤ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣው እንግዳም እሑድ ከሰዓት በኋላ ልቡ ወደ መንገዱ ይሸፍታል። ምሳውና ቡናው ሲቀነስ ለጥናት የሚተርፈው ጊዜ ከአንድ የሥራ ቀን ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መወሰን ያለበት የትኛው እኩይ ይበልጥ ክፉ ነው የሚለው ሳይሆን፣ የትኛው እኩይ በአንድ ገቢር ውስጥ በቅጡ ሊጠና ይችላል የሚለው ነው። እኔ ሙሉ ኦፔራ ከመምረጥ ይልቅ ገቢር መምረጥ ይበጃል ባይ ነኝ፤ ከዚህ በታች ያለው ንጽጽርም በዚሁ ዓይን የተሠራ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሁለተኛው መመዘኛ ጆሮን የሚመለከት ነው። በኦፔራ ውስጥ መግደልም ሆነ ማስገደል የተለመደ በመሆኑ በሬሳ ብዛት ብንመርጥ የትም አንደርስም። የሚሻለው ተሳታፊዎቹ ትርጉሙን ሳያነቡ አምስት ደቂቃ ያህል እንዲያዳምጡ አድርጎ «ይህ ሰው የሚፈልገው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም ያንኑ ክፍል ከነትርጉሙ ደግሞ ማሰማት ነው። ሁለቱ መልሶች ከተመሳሰሉ ሙዚቃው እኩዩን አጋልጦታል ማለት ነው፤ ከተለያዩ ግን እኩዩ በመድረኩ ላይ ያሉትን ብቻ ሳይሆን እኛንም አታልሎናል። ስካርፒያ የመጀመሪያው፣ ኢያጎ የሁለተኛው ዓይነት ዋነኛ ናሙናዎች ናቸውና ሰፋ ያለውን ቦታ ለእነሱ እሰጣለሁ።

የጃኮሞ ፑቺኒ «ቶስካ» ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1900 መጀመሪያ ሮም ውስጥ በኮስታንዚ ቴአትር ነው። ታሪኩም እዚያው ሮም ውስጥ፣ በ1800 ናፖሊዮን ማሬንጎ ላይ በተዋጋበት ሰሞን ይካሄዳል። ስካርፒያ የከተማዋ የፖሊስ አዛዥ ሲሆን ድምፁ ባሪቶን፣ ማለትም መካከለኛ የወንድ ድምፅ ነው፤ ቶስካ ዘፋኝ ናት፤ ፍቅረኛዋም ሠዓሊው ካቫራዶሲ ነው። ኦፔራው ሲጀምር አንድም ሰው ከመዝፈኑ በፊት ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ ሦስት ኮርዶችን (በአንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን) ያወርዳል፦ ቢ ፍላት ሜጀር፣ ኤ ፍላት ሜጀር፣ ኢ ሜጀር። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሲሰሙ ምንም ነውር የሌለባቸው ኮርዶች ናቸው፤ ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ያለው ርቀት ግን ትራይቶን የሚባለው፣ ጆሮ ማረፊያ የሚያጣበት ርቀት ነው። ሰውየው ራሱ እስኪመጣ ድረስ የመጀመሪያው ገቢር ከግማሽ በላይ ይሄዳል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የመዘምራኑ ልጆች ሲቦርቁና ሲጯጯሁ ድንገት ኮርዶቹ ተመልሰው ይወርዳሉ፤ ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ስካርፒያ በሩ ላይ ቆሟል። ኦፔራ ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገውም።

የዚህ ገቢር መጨረሻ በቅርብ ሊመረመር የሚገባው ነው። ደወሎቹ ሁለት ድምፆችን ብቻ እያፈራረቁ ይደጋግማሉ፤ ከሩቅ መድፍ ይተኮሳል፤ ኦርጋኑ ይገባል፤ ሕዝቡ «ቴ ዴኡም» የተባለውን የምስጋና መዝሙር ለመዘመር ይሰበሰባል፤ ከዚህ ሁሉ ፊት ለፊት ስካርፒያ አንደኛውን ሰው ወደ መስቀያው ገመድ፣ ቶስካን ወደ እቅፉ እንዴት እንደሚያመጣ ለራሱ ያሰላል። በመጨረሻ «ቶስካ፣ እግዚአብሔርን ታስረሺኛለሽ» ይልና ካለበት ቅዠት ነቅቶ ከሕዝቡ ጋር ይዘምራል። ሃይማኖተኛ ተሳታፊዎች ባሉበት ጉባኤ ይህ ክፍል ምን እንደሚል አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው፤ መዝለል ግን አይገባም፤ ምክንያቱም የሚያስደነግጠው ሰውየው ክፋቱን በጸሎት መሸፈኑ ሳይሆን ጸሎቱና ክፋቱ በአንድ ዜማ ላይ ተጭነው መሄድ መቻላቸው ነው።

ሁለተኛው ገቢር አርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ስካርፒያ በፋርኔዜ ቤተ መንግሥት እራቱን እየበላ ሠዓሊውን ካቫራዶሲን ሲመረምር፣ ቶስካ በታችኛው አዳራሽ በድግሱ ላይ የምትዘምረው መዝሙር በተከፈተው መስኮት ይገባል። ጥያቄው እየከረረ ሲሄድ መዝሙሩም ከፍ ይላል፤ ስካርፒያ ይናደድና መስኮቱን ይዘጋዋል፤ ሙዚቃው በአንድ ጊዜ ይቆረጣል። በዚያች ቅጽበት አድማጩ ከክፍሉ ውስጥ የሚያወጣው ቀዳዳ ሁሉ የተዘጋ ይመስለዋል። ለስካርፒያ የሚሰጠው ነጥብ ይህን በመሰለ ግልጽነት ላይ የቆመ ነው፤ ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል። ሰውየው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው፤ ምን እንደሚፈልግ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን፤ ስለዚህ ስለ ባሕርዩ የሚደረገው ውይይት ከአንድ ሰዓት በኋላ ዙሪያውን መዞር ይጀምራል። በተጨማሪም ገቢሩ ማሰቃየትንና ሴትን ማስገደድን ስለሚያሳይ ታዳጊዎች ባሉበት መምረጥ አያስፈልግም።

ኢያጎ የተለየ ነገር ነው፤ የጦር አዛዡን ኦቴሎን በሚስቱ በዴዝዴሞና ላይ በሐሰት በቅናት የሚያነሣሣ የበታች መኮንኑ ነው። ጁዜፔ ቬርዲ «ኦቴሎ»ን በ1887 ሚላኖ በሚገኘው ላ ስካላ ሲያቀርብ የሰባ ሦስት ዓመት አዛውንት ነበር፤ ግጥሙን የጻፈለት አሪጎ ቦይቶ ነው፤ ሥራው ላይ ሳሉ ኦፔራውን «ኢያጎ» ብለው ሊሰይሙት አስበው እንደነበርም ይታወቃል። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ምርጫ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሼክስፒርን ተውኔት ወደ አማርኛ መልሶታልና ተሳታፊዎቹ የኢያጎንና የኦቴሎን ምልልስ በራሳቸው አፍ ካነበቡት በኋላ ቬርዲ ምን እንደጨመረና ምን እንደቀነሰ በጆሯቸው ማመዛዘን ይችላሉ። ከቀነሰው ዋናው በቬኒስ የሚካሄደው የተውኔቱ የመጀመሪያ ገቢር ነው፤ ኦፔራው በቀጥታ በቆጵሮስ ደሴት በማዕበል ይጀምራል። ከጨመረው ደግሞ በሁለተኛው ገቢር ያለው «ክሬዶ» ነው፤ ኢያጎ ብቻውን ሆኖ፣ በጸሎተ ሃይማኖት አቀራረብ፣ ጨካኝ በሆነ አምላክ እንደሚያምን፣ ከሞት በኋላም ምንም እንደሌለ ይናገራል።

ብዙ አዘጋጆች ጥናቱን በዚህ «ክሬዶ» ላይ ሊመሠርቱ ይሞክራሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ክፍሉ ባሪቶኖች የሚወዱት ድንቅ ዘፈን ቢሆንም ኢያጎ በዚያ ቦታ እንደ ስካርፒያ ራሱን ገልጦ ይቆማል፤ የሚያታልለው ሰው የለምና ብልሃቱ አይታይም። ትክክለኛውን ኢያጎ የምናገኘው ከዚያ ቆይቶ ኦቴሎ ማስረጃ አምጣ ብሎ አንቆ በያዘው ጊዜ ነው። ኢያጎ አንድ ሌሊት ከሌላው መኮንን ከካሲዮ ጎን ተኝቶ ሳለ ካሲዮ በእንቅልፍ ልቡ ስለ ዴዝዴሞና ሲያወራ እንደሰማው ይተርካል። ኦርኬስትራው ይሳሳል፤ ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል፤ ዜማው ልጅ እንደሚያስተኛ እሹሩሩ በቀስታ ይወዛወዛል። ትርጉሙን የማያውቅ አድማጭ የፍቅር ዘፈን ነው ብሎ ቢመልስ አይፈረድበትም፤ በአንድ በኩልም እውነቱን ነው፤ ኢያጎ የካሲዮን ድምፅ ተውሶ የሌለ ፍቅር እየዘፈነ ነው። ወዲያው የዴዝዴሞና መሐረብ ጉዳይ ይነሣል፤ ኦቴሎ ይጮኻል፤ ሁለቱ ተንበርክከው በከፍተኛ ድምፅ በሰማይ ይማማላሉ፤ ገቢሩ ይዘጋል። ከሹክሹክታው እስከ መሐላው ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ደጋግሞ ለማሰማት ይመቻል።

በዚያው ገቢር ቀደም ብሎ ኢያጎ ኦቴሎን «ጌታዬ፣ ቅናትን ፍራ» ብሎ ያስጠነቅቀዋል፤ ቅናትንም ጨለማ እንደለበሰ፣ ዓይነ ስውር እንደሆነ አውሬ ይስልለታል። ይህ ዜማ የሦስተኛው ገቢር መግቢያ ሆኖ በኦርኬስትራው ብቻ ተመልሶ ይመጣል፤ ኢያጎ አፉን ሳይከፍት ቃሉ በሌላው ሰው ቤት ውስጥ መዞር ጀምሯል ማለት ነው። የሦስተኛው ገቢር መጨረሻም ሊታለፍ አይገባም፤ ውጭ ያለው ሕዝብ «ክብር ለቬኒስ አንበሳ» እያለ ሲያወድስ፣ ውስጥ ኦቴሎ ራሱን ስቶ ወድቋል፤ ኢያጎም በላዩ ቆሞ «እነሆ አንበሳው» ይላል።

ኢትዮጵያውያን ተሳታፊዎች ይህን ኦፔራ ሲሰሙ የሚያነሡት ጥያቄ ስለ ኦቴሎ ጥቁርነት መሆኑ አይቀርም፤ ጥያቄውም ከጥናቱ ውጭ አይደለም። ኢያጎ በመጀመሪያው ገቢር ለሮደሪጎ ሲያወራ ኦቴሎን ከንፈሩ ያበጠ አረመኔ ይለዋል፤ ፊት ለፊት ሲያገኘው ግን «ጌታዬ» ከሚለው ቃል ዝንፍ አይልም። ነጭ ቴነሮች (ከፍተኛ ድምፅ ያላቸው ወንድ ዘፋኞች) ለብዙ ዘመን ፊታቸውን አጥቁረው ኦቴሎን ሲጫወቱ ኖረዋል፤ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ይህን ልማድ የተወው በ2015 ነው። ይህ ውይይት ሰዓቱን እንዳይበላው ለቅዳሜ ማታ፣ ከእራት በኋላ ቢደረግ ይመረጣል።

ሁለቱን እኩያን ማጣመር ለሚፈልግ ቡድን ፑቺኒና የግጥም ጸሐፊዎቹ ድልድዩን ራሳቸው ሠርተውታል። ስካርፒያ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አታቫንቲ የተባለች ወይዘሮን ማራገቢያ ሲያገኝ፣ ቀናተኛን ሰው ለማጥፋት ኢያጎ መሐረብ እንደነበረው፣ እሱ ደግሞ ማራገቢያ እንዳለው ይናገራል። አንዱ እኩይ ሌላውን በስም ጠርቶ አርአያ ሲያደርገው በኦፔራ መድረክ ብዙ ጊዜ የሚገጥም ነገር አይደለም። ቅዳሜ የ«ኦቴሎ»ን ሁለተኛ ገቢር፣ እሑድ ደግሞ ስካርፒያ ከሚገባበት ጀምሮ የ«ቶስካ»ን የመጀመሪያ ገቢር መጨረሻና ሁለተኛውን ገቢር መውሰድ እንግዲህ ከሁሉ የምመርጠው አደላደል ነው፤ ሁለቱም ተደምረው በሰዓት ሲለኩ ከአንድ ሙሉ ኦፔራ ያንሳሉ።

ዶን ጆቫኒ ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ብርቱ ተወዳዳሪ ነው። ሞዛርትና የግጥም ጸሐፊው ዳ ፖንቴ በ1787 ፕራግ ላይ ያቀረቡት ይህ ሴት አሳሳች የሚገርመው ራሱን የሚገልጥበት አንድም ዘፈን አለመኖሩ ነው፤ ለገበሬዋ ለዜርሊና በገበሬ ቋንቋ፣ ለወይዛዝርቱ በወይዛዝርት ዜማ ይዘፍናል፤ የአሽከሩን ልብስ ለብሶ ማንዶሊን ሲያስመታም ዜማው ከአለባበሱ ጋር አብሮ ይለወጣል። ስለ እሱ የምንሰማው ከአሽከሩ ከሌፖሬሎ ነው፤ በስፔን ብቻ 1003 ሴቶች እያለ የሚቆጥረው ዝርዝር አዳራሹን ማሳቁ አይቀርም፤ ያ ሳቅ ራሱ ለውይይት የሚሆን ነገር ነው፤ የሚያዳምጡት ሴቶች ሁሉ ይስቃሉ ማለት አይደለምና። ችግሩ በአንድ ገቢር አለመያዙ ነው። የገደለው ሰው ሐውልት መጥቶ ንስሐ ግባ የሚልበትን የመጨረሻውን ትዕይንት ለብቻው ቆርጦ ማሳየት ይቻላል፤ ነገር ግን ሰውየው ንስሐ አልገባም ብሎ ሲጮኽ የቀደመውን ያልሰማ አድማጭ ጀግና ያደርገዋል።

የጉኖ «ፋውስት» ሜፊስቶፌሌስ (ፓሪስ፣ 1859) ባስ ድምፅ ለሚወዱ ደስ ይላል፤ ስለ ወርቁ ጥጃ የሚዘፍነው ዘፈን ሞቅ ያለ፣ በአንድ መስማት የሚያዝ ነው። ሆኖም ሰይጣን ለምን ክፉ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ስለዚህ ከመዝናኛነት አልፎ ለሁለት ቀን ጥናት የሚበቃ አይመስለኝም። ብቸኛው ልዩ ቦታ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ማርጋሪትን እንዳትጸልይ የሚያውክበት ትዕይንት ነው፤ ከ«ቶስካ» የ«ቴ ዴኡም» ትዕይንት ጋር አጎራብቶ ማሰማት ይቻላል።

የሞዛርት «አስማታዊው ዋሽንት» (ቪየና፣ 1791) የሌሊቷ ንግሥት ጊዜ ላጠረው ቡድን ሁነኛ መፍትሔ ናት። ሁለት አሪያ (ለብቻ የሚዘፈን ዘፈን) ብቻ አላት፤ በመጀመሪያው ልጇን የተነጠቀች እናት ሆና ታስለቅሰናለች፤ በሁለተኛው ለዚያችው ልጅ ጩቤ ሰጥታ ሰው እንድትገድል ታዝዛታለች፤ ድምፁም ሶፕራኖ ሊደርስበት ከሚችለው ከፍታ ጫፍ ይነካል። ለትምህርት ቤት ተማሪዎችና ለመዘምራን ከሁሉ የምትሻለው እሷ ናት። ሞኖስታቶስ የተባለው ጥቁር አገልጋይ ግን ከቀለሙ የተነሣ መጠላቱ በግጥሙ ውስጥ ስላለ አዘጋጁ ሳይዘጋጅበት እንዳይገባ።

ሃገንን፣ ማለት የዋግነርን «የአማልክት ምሽት»፣ ከዝርዝሩ ማውጣት ነው። ከአራት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ከእሱ በፊት ያሉትን ሦስቱን ያልሰማ ሰውም ቂሙ ከየት እንደመጣ አይገባውም።

«አይዳ» በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ቢሆንም ጅማ ላይ አንድ ሰው ማንሣቱ አይቀርምና ጥቂት ልበል። ጀግናዋ የኢትዮጵያ ልዕልት፣ አባቷ አሞናስሮም የኢትዮጵያ ንጉሥ ሆነው የተሣሉበት ይህ የቬርዲ ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1871 መጨረሻ ካይሮ ውስጥ፣ በግብፅ ገዥ በኬዲቭ እስማኤል ዘመን ነው፤ ያዘዘውም እሱ ነው። የዚሁ ኬዲቭ ጦር ከአራት ዓመት በኋላ ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ሠራዊት ተሸነፈ። ኦፔራው ራሱ ግን እውነተኛ እኩይ የለውም፤ የግብፅ ልዕልቷ አምኔሪስ በቅናቷ ትጸጸታለች፤ አሞናስሮ ሦስተኛው ገቢር ላይ ልጁን «የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ» ብሎ የሚያስጨንቃት ለሀገሩ ብሎ ነው። እኩይ ማነው የሚለውን ክርክር ለሚወድ ቡድን ይህ የአባትና የልጅ ምልልስ ብቻውን አንድ ማታ ይሞላል፤ የጥናቱ ዋና ክፍል ማድረግ ግን አይመከርም።

የቡድኑ ዓይነት ምርጫውን እንደሚወስነው ሁሉ ወቅቱም ይወስነዋል፤ ይህን ነጥብ አዘጋጆች ይዘነጉታል። በጅማ ክረምቱ ከባድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ዝናብ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲያርፍ የኢያጎ ሹክሹክታ ጨርሶ አይሰማም፤ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ቢነሣም ውጤቱ ያው ነው። የስካርፒያ ኮርዶችና ደወሎች ግን ዝናቡንም ጄኔሬተሩንም ይቋቋማሉ። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ለሚሰበሰብ ቡድን «ቶስካ»ን ብቻ እመክራለሁ። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ እየጠራ ቢሄድም የቡና ለቀማ ጊዜ ስለሆነ እርሻ ያላቸው ተሳታፊዎች ይቀራሉ። ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሳምንታት ለ«ኦቴሎ» የሚስማሙ ናቸው፤ የረመዳንና የዐቢይ ጾም መግቢያ ግን አስቀድሞ መታየት አለበት፤ ቀኑን ሙሉ የሚጾም ሰው ባለበት ምሳን መሃል ያደረገ መርሐ ግብር አይሠራም። አዳራሹን ለማየት ስትሄዱ ኮርኒስ እንዳለውና ጄኔሬተሩ ከየትኛው ግድግዳ ጀርባ እንደተቀመጠ ጠይቁ፤ ከወንበሩ ምቾት ይልቅ ይህ ይበልጣል።

ተሳታፊዎቹ ኦፔራን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙ ከሆኑ ስካርፒያን፣ ተውኔትና ሥነ ጽሑፍ የሚያነቡ ከሆኑ ኢያጎን፣ ኖታ የሚያነቡ ሙዚቀኞች ከሆኑ ሁለቱን በማጣመር፣ ወጣቶች ከሆኑ የሌሊቷን ንግሥት ምረጡላቸው። ድብልቅ ቡድን ሲሆን ለጀማሪው ማድላት ይሻላል፤ ዐዋቂው በቀላሉ ነገር ውስጥ የሚያየው አያጣም።

የትርጉሙ ጉዳይ ቀላል አይደለም። በቪዲዮዎቹ ላይ የሚገኘው የግርጌ ጽሑፍ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ እሱን የሚከተል ዓይን ደግሞ ጆሮን ያዘናጋል። ከእያንዳንዱ ክፍል በፊት ማን ማንን ምን እንደሚለው በአንድ ገጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፎ ማደልና አንድ ጥሩ አንባቢ ጮክ ብሎ እንዲያነበው ማድረግ፣ ከዚያም ያለ ግርጌ ጽሑፍ ማሰማት ይቻላል።

ቅጂን በተመለከተ ለስካርፒያ ማሪያ ካላስና ቲቶ ጎቢ በ1964 ለንደን በኮቨንት ጋርደን የተቀረጹበት የሁለተኛው ገቢር ፊልም አለ፤ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ጎቢ ሲቆምና ሲቀመጥ ማየት ብቻውን ትምህርት ነው። ለኢያጎ የቶስካኒኒ የ1947 የሬዲዮ ቅጂ በድምፅ ብቻ ቢሆንም ይመረጣል፤ ቶስካኒኒ በ1887ቱ የመጀመሪያ ትርዒት ላይ ቼሎ ተጫዋች ሆኖ እዚያው ኦርኬስትራ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። የ1986ቱ የዜፊሬሊ ፊልም ለዓይን የሚያምር ቢሆንም የዴዝዴሞናን የአኻያ ዘፈን እስከ መቁረጥ የደረሰ ስለሆነ ለጥናት አይሆንም። የተመረጠው ቅጂ ሁሉ አስቀድሞ ወርዶ በሁለት ፍላሽ ይያዝ፤ ባትሪ ያለው ስፒከርም አብሮ ይምጣ፤ በስብሰባው ሰዓት ከኢንተርኔት በቀጥታ አሳያለሁ ማለት ግን ቅዳሜን ሙሉ የምትዞር ክብ እያዩ መዋል ነው።